ሃይላንዱን ራሱ ይክፈት፦ ልዩ ፍላጎት ያለው ሕፃን ክፍል ውስጥ በራሱ እንዲሠራ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ኬጂና አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ልጁ ሁሉንም ነገር ከእኔ ይጠብቃል። ምን ላድርግ?» ቦርሳውን ያወርዱለታል፣ ደብተሩን ይገልጡለታል፣ እርሳሱን እጁ ላይ ያደርጉለታል። እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። አምናም እንደዚያው ነበር፣ ዘንድሮም እንደዚያው ነው።

እኔም እዚሁ ላይ ወድቄያለሁ። ዳውን ሲንድረም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅ ክፍሌ ነበር። ውሃ ሲያምረው ሃይላንዱን ወደ እኔ ይዘረጋል፣ እከፍትለታለሁ፣ ይጠጣል። አንድ ቀን ታምሜ ቀረሁ። በማግስቱ ስመለስ በእኔ ቦታ የገባችው መምህርት «ውሃውን ፊቱ አቁሞ ሲያየው ነው የዋለው፤ የጠማው አልመሰለኝም» አለችኝ። ወሩ ግንቦት ነበር፣ የድሬ ግንቦት። ሙሉ ሃይላንድ ፊቱ ቆሞ ልጁ ሲጠማ ዋለ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከፈትኩለት እንጂ መክፈት አላስተማርኩትም።

ከታች ያለው ከዚያ በኋላ የሠራሁበት መንገድ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ይዤ፣ ውሃ መጠጣትን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያችኋለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ዝግጅቱን ትቶ በቀጥታ «በል ክፈት!» ማለት ስለሚጀምር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጤናውን ጠይቁ። ወላጅን ለብቻ አግኙና ጠይቁ። የሚጥል በሽታ አለበት? ሲጠጣ ወይም ሲበላ ትን ይለዋል? ጆሮውና ዓይኑ ታይቷል? ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የመስማት ችግር ይኖርባቸዋል፤ ጡንቻቸውም ላላ ያለ ነው። «እምቢተኛ ነው» ያላችሁት ልጅ አልሰማችሁ ይሆናል። «ሰነፍ ነው» ያላችሁት ደግሞ ጣቱ አቅም አጥቶ ይሆናል። ሲጠጣ ትን የሚለው ከሆነ ሐኪም ሳያየው በውሃ አትጀምሩ፤ ሌላ ሥራ ምረጡ።

ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ እዩ። በእነዚህ ቀናት ምንም አታስተምሩ። ትንሽ ደብተር ያዙና ማን ምን እንደሚያደርግለት ጻፉ። የሚረዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ሞግዚቷ ጫማውን ታስራለች። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ እርሳሱን ትቀርጽለታለች። ታላቅ እህቱ በእረፍት ሰዓት ከአራተኛ ክፍል እየሮጠች መጥታ ምሳ ዕቃውን ትከፍታለች። እኔ በጻፍኩበት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ሁለት ገጽ ሞላ። ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነው። ልጁ ግን ሙሉ ቀን አንድም ነገር ጀምሮ አልጨረሰም።

አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። በቀን ደጋግሞ የሚመጣ ይሁን። አጭር ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ራሱ ውጤቱን የሚፈልገው ይሁን። እርሳስ መቅረጽ ለመጀመሪያ አይሆንም፤ የተቀረጸ እርሳስ የሚያጓጓው ልጅ ብዙ አላየሁም። ውሃ ግን በድሬ ሙቀት ማንንም ያጓጓል፤ በጠዋት ፈረቃ ብቻ አራት አምስት ጊዜ ይጠጣል። ያ ማለት አራት አምስት ጊዜ መለማመጃ አላችሁ።

ዕቃ አዘጋጁ።
– ጎኑ ጠንካራ፣ ክዳኑ ሰፋ ያለ ኮዳ። ስስ ሃይላንድ ሲያዝ ይጨመቅና ውሃው ይፈስሳል፤ ልጁም ይደነግጣል። ኮዳ ካልተገኘ ሃይላንዱን ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉትና ክዳኑ ላይ ላስቲክ ጠምጥሙበት፤ እጅ አያንሸራትትም። አዲስ የተገዛ ውሃ አትስጡት፤ የመጀመሪያው አከፋፈት ለእኛም ይከብዳል።
– እግሩ ሥር የሚገባ ጣውላ ወይም ብሎኬት። ይህን ብዙዎች ይንቁታል። አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ ልጅ እንዳይወድቅ ሰውነቱን ይይዛል፤ እጁ ለሥራ ነፃ አይሆንም። እግሩ መሬት ሲረግጥ እጁ ይበረታል።
– የራሱ መጥረጊያ ጨርቅ። ውሃ መፍሰሱ አይቀርም።
– ፎቶ። ልጁ እያንዳንዱን ነገር ሲያደርግ (በእናንተ እርዳታም ቢሆን) በስልክ አንሱት። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙት፣ ካርቶን ላይ ለጥፉትና በሰፊ ስኮች ሸፍኑት። ሲባጎ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ በቅደም ተከተል ስቀሉት።

ቃል ተስማሙ። ይህ የድሬ ጉዳይ ነው። እናንተ «ክፈት» ትላላችሁ፣ አያቱ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ «በኒ» ይላሉ፣ የጎረቤት ልጆች በሶማሊኛ «ፉር» ይሉታል። ሌላው ልጅ ሦስቱንም እየቀላቀለ ሰፈር ይጫወትበታል። ቋንቋ የሚያዳግተው ልጅ ግን አንዱን ሥራ ሦስት ሥራ አድርጎ ይሰማዋል። ከወላጅ ጋር ተቀምጣችሁ ለዚህ ሥራ አንድ ቃል ምረጡ። ቤት የሚነገረው ይሻላል። እናንተም «በኒ» በሉት፤ ምንም አይቀርባችሁም። ቤተሰቡን «ቋንቋችሁን ተዉ» ማለት ግን አይገባም።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃን በፍጹም መቅጫ ወይም መሸለሚያ አታድርጉ። «ካልከፈትክ አትጠጣም» የሚባል ነገር የለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሕፃን ልጅ ቶሎ ይደርቃል። ሞክሮ አንድ ደቂቃ ካለፈው ረድታችሁ ይጠጣ። ትምህርቱ በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል። ስፖርት ሠርቶ እያለከለከ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ክፈቱለት፤ ያን ሰዓት ልምምድ የለም።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ቆራርጡት

መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩት፣ በማይለመደው እጃችሁ። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ክዳኑን በግራ ክፈቱ። ያኔ አይታችሁት የማታውቁትን ነገር ታያላችሁ፤ ለምሳሌ አንዱ እጅ ሲያዞር ሌላኛው ጨብጦ መያዝ እንዳለበት። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም እጅ አብሮ ይዞርና ክዳኑ አይላቀቅም።

እኔ የቆራረጥኩት እንዲህ ነበር፦

1. ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያደርጋል።
2. ዚፑን ይከፍታል።
3. ኮዳውን ያወጣል።
4. ጠረጴዛው ላይ ያቆማል።
5. በአንድ እጁ የኮዳውን ወገብ ይጨብጣል።
6. በሌላው እጁ ክዳኑን ይይዛል።
7. እስኪላቀቅ ያዞራል።
8. ክዳኑን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።
9. ይጠጣል።

መክደን እዚህ ውስጥ የለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ልጁ የሚፈልገው መጠጣቱን ነው፤ ሥራው በሚፈልገው ነገር ሲያልቅ ነው ነገም የሚሠራው። መክደን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ለጊዜው እናንተ ክደኑ።

የእናንተ ልጅ ዘጠኙ ካልበቃው አሥራ አራት አድርጉት። አምስት ከበቃው አምስት ይሁን።

ደረጃ 2፦ የእርዳታችሁን መሰላል እወቁ

እርዳታ ሁሉ እኩል አይደለም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሲደረደር ይህን ይመስላል፦

1. መጠበቅ
2. በዓይን ወይም በአገጭ ማመልከት
3. ፎቶውን መንካት
4. አንድ ቃል መናገር
5. ሠርቶ ማሳየት
6. ክንዱን ነካ ማድረግ
7. እጅ ከእጁ ሥር አስገብቶ አብሮ መሥራት

ብዙዎቻችን አፋችን ቀላሉ እርዳታ ይመስለናል። አይደለም። እጃችንን ከልጁ ላይ ማንሳት እንችላለን፤ አፋችንን መዝጋት ነው የሚያቅተን። «ቦርሳህን አውርድ፣ ክፈተው፣ አዎ፣ ኮዳውን፣ እሱን አይደለም፣ ያዘው…» እያልን ልጁን በድምፃችን እንነዳዋለን። ድምፁ ሲቆም እሱም ይቆማል። ስለዚህ ከቃል በፊት ፎቶውን ተጠቀሙ። ፎቶው እናንተ ስትቀሩም ግድግዳው ላይ አለ።

እጅ ስታስገቡ እጁን ከላይ ጨብጣችሁ አትጎትቱ። እጃችሁን ከሥሩ አድርጉ፤ የእሱ እጅ በእናንተ ላይ ይረፍ። ሲፈልግ ማንሳት ይችላል። ኦቲዝም ያለበትና መነካት የሚረብሸው ልጅ ከሆነ 6ኛውንና 7ኛውን ተዉት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ በሌላ ኮዳ እየሠራችሁ አሳዩት።

ደረጃ 3፦ ከመጨረሻው ጀምሩ

ከ1 እስከ 7 ያለውን እናንተ ሥሩ። ክዳኑ ተላቅቆ የኮዳው አፍ ላይ ብቻ ይረፍ። ልጁ 8ኛውን ይሠራል፣ ያነሳዋል። ወዲያው ይጠጣል።

ሦስት ቀን ያለ እርዳታ ካነሳው ወደ ኋላ አንድ ተራመዱ። አሁን ክዳኑን ሩብ ዙር አጥብቁት፤ አዙሮ ያንሳው። ከዚያ ግማሽ ዙር። ከዚያ ሙሉ ዙር። ከዚያ ኮዳውን ቦርሳ ውስጥ ተዉትና እሱ ያውጣው። እንዲህ እያላችሁ እስከ ዚፑ፣ እስከ ቦርሳው ትሄዳላችሁ።

ለምን ከመጀመሪያው አይሆንም? ከቦርሳው የጀመረ ልጅ ብዙ ለፍቶ ውሃው ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል፤ የሚጨርሱለትም እናንተ ናችሁ። ከመጨረሻው የጀመረ ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን «ጨረስኩ» የሚለውን ነገር ይቀምሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ልጁ ለማያውቀው አዲስ እርምጃ ከመሰላሉ ላይኛ ጫፍ፣ ከ7ኛው ጀምሩ፤ አብራችሁ ሥሩና በየቀኑ ቀንሱ። እየተሳሳተ ሲለማመድ ስህተቱን እንዳይለምድ ነው። አንዴ ሠርቶ ላሳያችሁ እርምጃ ግን ሁልጊዜ ከታች፣ ከመጠበቅ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ጠብቁ

ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል። ወረቀት ላይ ግን አንድ ቃል ነው።

በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ። እነዚህ ልጆች የሰሙትን ወይም ያዩትን እስኪገነዘቡና እጃቸውን እስኪያዙ ከሌላው ልጅ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። እኛ በሁለተኛው ሰከንድ እንደግመዋለን። ድግግሞሹ ሐሳቡን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ሦስቴ ስንናገር ሦስቴ ነው የምናቋርጠው።

ቆማችሁ የምትጠብቁበት ቦታም አለው። ፊቱ አትቁሙ፤ እናንተን ያያል እንጂ ኮዳውን አያይም። ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሁኑ። እጃችሁን ጋወናችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ፊቱን ሳይሆን ኮዳውን እዩ።

አንድ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ክዳኑን ሩብ ዙር አጥብቄ ሰጠሁት። ኮዳውን ወደ እኔ ገፋው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስድስት ላይ ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ስምንት ላይ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ኮዳውን አየሁ። ጣቴ ኪሴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ መክፈት ለምዷል። አሥር ስል በአገጬ ወደ ክዳኑ አመለከትኩ። መዳፉን ክዳኑ ላይ አጋድሞ ገፋ አደረገው። ዞረ። ክዳኑ ወደቀና አግዳሚው ሥር ተንከባለለ። ተንበርክኮ አወጣው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ጠጣ። ውሃው በአገጩ እየወረደ ዩኒፎርሙን አራሰው። አፉን ሳይጠርግ ባዶውን ኮዳ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

እንዴት እንደሚያዝ አስቀድሜ ያሳየሁት በጣት ነበር። እሱ በመዳፉ ከፈተው። ይሁን። በራሱ ካገኘው መንገድ አታስወጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ «ጎበዝ»። መሃል ላይ አትበሉ። ልጁ ገና እያዞረ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ሲባል እጁን ትቶ ወደ እናንተ ይዞራል። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሠራውን ጠርታችሁ ንገሩት፤ «ራስህ ከፈትከው»። ክፍሉን በሙሉ ማስጨብጨብም አያስፈልግም። ሌላው ልጅ ውሃ ሲጠጣ ማን ያጨበጭብለታል?

ደረጃ 5፦ እጃችሁን ቀስ በቀስ አውጡ

እጅ አስገብታችሁ የምትረዱት ከሆነ በድንገት አትተዉት። ዛሬ እጃችሁ ከእጁ ሥር ነው። ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ አንጓው ላይ አድርጉት። ከዚያ ክርኑ ላይ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ። በመጨረሻ እጃችሁ ሳይነካው ከጎኑ ይሁን። ቀጥሎ አንድ እርምጃ ራቁ። ቀጥሎ የሌላ ልጅ ደብተር እያረማችሁ በዓይናችሁ ጫፍ ብቻ እዩት።

ፎቶዎቹንም እንዲሁ አውጡ፤ በደንብ ከሚችለው ጀምራችሁ አንድ አንድ እያላችሁ። ፎቶው ሁልጊዜ ቢያስፈልገው ግን ችግር የለውም። እኛም የአስቤዛ ዝርዝር ይዘን ነው ቀፊራ ገበያ የምንወርደው።

ደረጃ 6፦ መዝግቡ

በየቀኑ ለአንድ ዙር ብቻ፣ ለየእርምጃው አንድ ፊደል ጻፉ። «ራ» በራሱ፣ «ም» በምልክት ወይም በፎቶ፣ «ቃ» በቃል፣ «እ» በእጅ። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ከዚህ በላይ መጻፍ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ዓርብ ዓርብ ተቀምጣችሁ እዩት። «ቃ» ብቻ የተደረደረበት እርምጃ ካለ ችግሩ የልጁ አይደለም፤ እናንተ ብዙ እየተናገራችሁ ነው። «እ» ከአንድ ሳምንት በላይ ካልተለወጠ እርምጃውን ለሁለት ክፈሉት።

ደረጃ 7፦ የሚረዱትን ሰዎች አሰልጥኑ

ሞግዚቷን ከመጀመሪያው ቀን አስገቧት። «አትርጂው» ብቻ ብትሏት ትቀየማለች፤ ልጁን የምትወደው እሷ ናት። ምን እንደምታደርግ ንገሯት። «አንቺ ክዳኑን ላላ አድርጊና እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ከዚያ ፎቶውን ንኪለት» በሏት። አንድ ዙር ሠርታችሁ አሳዩአት፣ አንድ ዙር ስትሠራ እዩ።

አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ሁሌም አለች። ቁልፉን ትቆልፋለች፣ አፍንጫውን ትጠርጋለች፣ እሱን ወክላ «አቤት» ትላለች። አትቆጧት። ሥራዋን ለውጡላት፦ «አንቺ የራስሽን ኮዳ ከእሱ ጋር እኩል አውጪ። የእሱን ግን አትንኪ።» እኩያውን እያየ መሥራት ከእኛ ማሳያ ሁሉ ይበልጣል። በየሁለት ሳምንቱም የሚያጅበውን ልጅ ቀይሩ፤ ባለሥልጣን እንዳትሆንበት።

ቤት ደግሞ የልጁ አያት ነበሩ። በባጃጅ ይዘውት ሲመጡ በር ላይ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ከነገ ጀምሮ ኮዳውን አይክፈቱለት። ላላ አድርገው ብቻ ይስጡት» አልኳቸው።

«ኧረ አቦ! ልጁ ይጠማብኛል እኮ!»

«አይጠማም እማማ። ካቃተው ይከፍቱለታል። ግን መጀመሪያ ትንሽ ይጠብቁት። እስከ አሥር ይቁጠሩ።»

ትንሽ አሰቡና «ፋቲሃ ቀርቼ እስክጨርስ ልጠብቀው?» አሉኝ።

ፋቲሃ፣ የቁርአን የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአሥር ቁጥር ይረዝማል። በጣም ጥሩ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ከእኔ ክፍል ይልቅ ፈጠን ብሎ ተማረ።

ለወላጅ የምትሰጡት ሥራ እንዲህ ትንሽና የተለየ ይሁን። «ቤትም አለማምዱት» የሚባለው ነገር የትም አያደርስም።

ሲበላሽ

ቁጭ ብሎ ዝም ካለ። አሥር ቆጠራችሁ፣ ምንም የለም። ከመሰላሉ አንድ ብቻ ውጡ፤ ከመጠበቅ ወደ እጅ አትዝለሉ። ሦስት ዙር ተከታትሎ ዝም ካለ ግን የሰጣችሁት እርምጃ በዝቶበታል። ክዳኑን መልሳችሁ አላሉት።

ኮዳውን ከወረወረ። አትቆጡ፣ አትሳቁም። አንስታችሁ መልሳችሁ ጠረጴዛው ላይ አቁሙት፣ ከባዱን እርምጃ አብራችሁ ሥሩ፣ የመጨረሻውን እሱ ይሥራ፣ ይጠጣ። ከዚያ ደብተራችሁ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። የእኔው ልጅ የሚወረውረው ሁልጊዜ ከ5 ሰዓት በኋላ ነበር። ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉ ሲታፈን ማንም ይከፋዋል። አዲሱን እርምጃ ጠዋት ላይ ብቻ ማድረግ ስጀምር መወርወሩ ቆመ።

ውሃ ከደፋ። ጨርቁን ጠቁሙት። ራሱ ይጥረግ። እናንተ ዘላችሁ ከጠረጋችሁ የደፋውን የሚያጸዳ ሰው እንዳለ ነው የተማረው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሌሎቹን ልጆች አርቁ፤ ያንሸራትታል።

ከእናንተ ጋር እየሠራ ከሌላ ሰው ጋር እምቢ ካለ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሥራውን ከእናንተ ጋር አያይዞታል። ገና ሁሉንም ሳይጨርስ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሞግዚቷ በቀን አንድ ዙር ታሠራው። ቦታም ቀይሩ፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ሰልፍ ላይ።

ከእረፍት በኋላ ከረሳ። ከሁለት ወር ክረምት በኋላ መስከረም ላይ ሁሉም የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። ከመጨረሻው እርምጃ ጀምሩ፣ በየቀኑ አንድ ተራመዱ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ይበቃል።

እጁ ፈጽሞ ማዞር ካልቻለ። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ ጣቱ ግትር ሊሆን ይችላል። ክዳኑን አትሟገቱ። ስትሮው ያለው ኮዳ ግዙለት። ወይም ራሱ ጓደኛውን ጠርቶ «ክፈትልኝ» ይበል። መናገር ካልቻለ የተከፈተ ኮዳ የሚያሳየውን ፎቶ ለጓደኛው ይስጠው። ፈልጎ፣ ሰው መርጦ፣ ጠይቆ ካገኘ በራሱ ሠርቷል ማለት ነው። እኛ ከመጠየቁ በፊት ስንከፍትለት ግን ይህንንም ወሰድንበት።

መጸዳጃ ቤት ላይ አንድ ነገር

መንገዱ ያው ነው፤ መቆራረጥ፣ ከመጨረሻው መጀመር፣ መጠበቅ። ጥንቃቄው ግን ይለያል። ማን እንደሚረዳው ከወላጅ ጋር በስም ተወስኖ ይጻፍ፤ ሌላ ሰው አይግባ። ልብሱን ከመንካታችሁ በፊት ንገሩት። ሱሪውን ራሱ ማውጣትና መታጠብ የቻለ ልጅ ገላውን ሌላ ሰው መንካት አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ከውሃው ቀጥሎ ወደዚህ ቶሎ መሄድ ያለብን። ላስቲክ ወገብ ያለው ሱሪ እንዲያለብሱት ወላጅን ጠይቁ፤ ቁልፍና ቀበቶ ይቆይ።

ስትቀሩስ?

ከሁሉም በፊት መሥራት የነበረብኝ ይህ ነበር። አንድ ወረቀት ጽፋችሁ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉ። በእናንተ ቦታ የሚገባ ማንኛውም ሰው በግማሽ ደቂቃ ያንብበው። የእኔው ይህን ይላል፦

«በሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ሥር ያለው ልጅ ውሃ ራሱ ይከፍታል። ክዳኑን አላሉለትና እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልከፈተ ፎቶውን አሳዩት። አሁንም ካልሆነ ክፈቱለት። በየሰዓቱ መጠጣቱን እዩ። ጠምቶኛል አይልም።»

ልጁ በተራመደ ቁጥር ወረቀቱን ቀይሩ።

ሲጨርስ፦ መክደን

ዘጠኙን ለአንድ ሳምንት በራሱ ከሠራ ወደ መክደን ግቡ። መክደን ከመክፈት ይከብዳል፤ ክዳኑ ጠምሞ ይገባና ቦርሳው ውስጥ ደብተሩን ያበሰብሳል። አንድ ዘዴ አለ። ክዳኑን የኮዳው አፍ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ መክፈቻው በኩል፣ ቀስ አድርጎ ያዙር። የክዳኑ ጥርስ ቦታውን ሲያገኝ «ቀጭ» ይላል፤ ጣት ላይም ይሰማል። ከዚያ ወደ ፊት ያጥብቅ። «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ አብራችሁ አዳምጡ፤ ጆሮው ደካማ ከሆነ ጣቱን ክዳኑ ላይ አድርጎ ይሰማው። ከከደነ በኋላ ኮዳውን ራሱ ይዘቅዝቀው። ጠብ ካለ ራሱ ያየዋል፣ እንደገና ይከድናል።